የተረፈች ብሎን

ቀን ለገሃር ነኝ፤ የሰው ሒሳብ የምዘጋ፣
አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ አጥቼ የማነጋ።
ማታ ሠራተኛ ሰፈር፣ የቆርቆሮውን በር ገፍቼ፣
ከረባቴን ሚስማር ላይ ትቼ፣
ሌላ ሰው እሆናለሁ፤
እስከ ክርኔ ግራሶ እጠጣለሁ።

ሰይቼንቶዋ እዚያ ናት፣ አራት ድንጋይ ላይ ቆማ፣
ዝናብ የላሳት፣ ዝገት የቀመሳት፣ ደካማ።
"ለውድድር ናት" ስል ሰፈሩ ሳቀ፣
የጎሚስታው ልጅ እንኳ ሆዱን ይዞ ወደቀ።
ጋሽ ምንዋጋው ብቻ አልሳቁም፤
ከላዳ በተነቀለች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው
"ፍታት" አሉኝ፣ ሻያቸውን ጨልጠው።

በጥር ፈታናት።
ቴስታታው ሲነሳ የሃያ ዓመት ጥላሸት፣
ፋሻው ተሰባብሮ እንደ ብስኩት፣
አንዱ ፒስተን አናቱ ተበልቶ።
ጋሽ ምንዋጋው ብርሃን ላይ አዙረው አዩት፤
ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ፤ ያ በእርሳቸው ቋንቋ
"ሞቷል" ማለት አይደለም፣
"ወጪ አለው" ማለት ነው።

ሶማሌ ተራ፣ ሙዘይን ዘንድ፣ ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ፤
አራት ፒስተን ከአራት መኪና ሬሳ ለቃቅሜ ተመለስኩ።
ከዚያ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገባሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
"ግራም በግራም መዝኑልኝ" ብዬ።
ልጅቷ ጣቴን አየች፤ ቀለበት የለበትም።
ሳቀች፤ መዘነች፤ ዋጋ አልጠየቀችም።
ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሦስተኛው በአራት ግራም ይከብዳል፣
አራተኛው በሰባት። በሞረድ ሆዳቸውን ፋቅን፤
ብናኙ ጨው ይመስላል።

በግንቦት ገጠምናት።
ከመሃል ወደ ዳር፣ ተራ በተራ ጠብቀን፣
መብራት ሲሄድ በስልክ ብርሃን አጥብቀን።
አለቀ ብዬ እጄን ስጠርግ በጨርቅ፣
ትሪው ላይ አንዲት ብሎን፣ ስታብረቀርቅ።
አሥራ ሦስት ቁጥር። ጥርሷ ያልተነካ። ባለቤት የሌላት።

"ትርፍ ናት" አሉ ጋሽ ምንዋጋው፤
"ጣሊያን ሁሌ ያስተርፋል። ጣላት።"

ጣላት? እኔ?
በመዝገብ ቋንቋ ትርፍ ዝም ብሎ አይወለድም፤
እዚህ ከተረፈ እዚያ ጎድሏል፣
ጉድለት ደግሞ ቀኑን ይጠብቃል እንጂ አይረሳም።

እሑድ እንደገና ፈታናት። ከቅዳሴ መጥተው፣
ነጠላቸውን አገልድመው፣ እየተራገሙ አጎንብሰው፣
ቀዳዳ ሁሉ ተቆጠረ። ሁሉም ሞልቷል።
ጉርኒሲዮኑ ብቻ ባዶ ጥርጣሬዬን ከፍሎ ተበላሽቷል።

በሰኔ አስነጠሰች።
ዝም አለች። ደግማ አስነጠሰች።
ሦስተኛው ላይ ያዘች፤ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣
የጎሚስታው ልጅ ሮጦ መጣ፣ እየሳቀ አይደለም፤
አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ፣ ቃል አልወጣውም።

ውድድሩ አሥራ ሁለት ዙር ነበር።
ሌሎቹ መንገዱን ያያሉ፤ እኔ ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጥቼ
የጎደለው ቦታ ስሙን እስኪጠራ እጠብቃለሁ፣
በእያንዳንዱ ኩርባ "አሁን ነው፣ አሁን ነው" እላለሁ።
አልጠራም።
ከአሥራ አንድ መኪና ዘጠነኛ ወጣሁ፣
ከሁለት ሰዎች ቀድሜ፣ ንጉሥ መስዬ ገባሁ።

ሰኞ ለገሃር ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ምንዋጋው ናቸው፤
ወንበራቸው ከሥራቸው ተንዳ ወገባቸውን መታቻቸው።
"አንዲት ብሎን ጎደላት" አሉኝ፣ "አሥራ ሦስት ቁጥር፤
አንተ ዘንድ አትኖርም?"

ኪሴን ዳሰስኩ። እዚያው ናት፣ ሞቃለች።
ከፊቴ የሰው መዝገብ ተዘርግቷል፣ ድምሩ ልክ ነው።
"የለችም፣ ጋሼ" አልኩ። "ዛሬ ማታ
አዲስ ወንበር ይዤልዎት እመጣለሁ።"